በጋሪው ስር ያለው ሰውዬ

ማክሰኞ ጠዋት አስራ አንድ ሙታን መጡልን። ሁሉም በአንድ ፍሬም ውስጥ ነበሩ።

ያመጣቻቸው ሰሚራ የምትባል ቤት አፍራሽ ናት። ፍሬሙን በብብቷ ሸጉጣ፣ ፊቷ በኖራ ነጥቶ፣ የእድሩን አዳራሽ በር በእግሯ ገፍታ ገባች።

«ሙታን ያሉበት ወረቀት የምትረከቢው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅ ነሽ እኮ!»

«አንቺም ግድግዳ ነው የምትመስይው» አልኳት። ሳቀች፤ ከቅንድቧ ኖራ ረገፈ።

«የዚያን የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ሽማግሌ ቤት እያፈረስን ነው። ከግድግዳው ውስጥ ይሄ ወጣ። ልጥለው ስል ሬሳ አየሁበት። በይ ፈርሚልኝና ልሂድ።»

ሕጉ አጭር ነው። ሙታን ያሉበት ወረቀት ያገኘ ሰው ለሰፈሩ እድር ያስረክባል። ስክሪን ላይ ያለ ምስል ማንም ቁጭ ብሎ ሊፈበርከው ስለሚችል የሚያምነው የለም። ሰው ሞተ የሚባለው ወረቀት ላይ ሲገኝና አጣሪ የምንለው የእድሩ ማሽን መልኩን ሲያውቀው ብቻ ነው። ቤቱ የሞተውን የእድሩ ካሜራ ወረቀት ላይ ያነሳዋል፣ አለቀ። ሄዶ የቀረ ሰው ግን፣ ወረቀት እስኪገኝለት ድረስ አልሞተም። «አለ»ም አይባልም። «የሚጠበቅ» ነው የሚባለው።

የኔ ሥራ ሁለት ነው። ወረቀቱን አጣሪው ዓይን ስር አስቀምጣለሁ፤ አጣሪው ስም ሲያወጣ በነጋታው ጠዋት ጡሩምባ እነፋለሁ። ጡሩምባው የድሮ ነው፣ ናስ። ሰው ስልኩ የሚነግረውን ማመን ሲያቆም እድሩ ወደ ጡሩምባ ተመለሰ። ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት ሰነፍ ስለሆንኩ ነው የሚሉ አሉ፤ ሳንባዬን ግን ማንም አያማውም።

ወረቀቱን ከፍሬሙ አወጣሁት። መጀመሪያ ፎቶ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ጭረት ብቻ ነው። ጥቁር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። በጭረት የተሠራ መንገድ፣ በጭረት የተሠራ ዝናብ። የተገለበጠ ጋሪ አለ። በጋሪው ስር አንድ ሰውዬ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እግሩ ጫማ አለው፣ ግራው ባዶ ነው። የግራውን ጫማ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ወታደር ከራሱ እግር ጋር እየለካው ነው። ከማጠፊያው የተነቀለ በር ላይ የተኛች ሴትዮ አለች። ከሷ ጎን አንዲት እናትና ጉያዋ ውስጥ የቀረች ሕፃን። ሌሎቹ ቦይ ውስጥ ተደራርበዋል፤ እነሱን ለመቁጠር በጣት መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ውሻም አለ። ውሻው ደህና ነው።

አጣሪው አዳራሹ ጥግ፣ በተደራረቡት ወንበሮችና በትልልቆቹ ብረት ድስቶች መሃል ነው የሚቀመጠው። ሌላ ጊዜ ሦስት ሴኮንድ ይበቃዋል። የዛን ቀን ግን አንድ ብርቱካን ልጬ እስክጨርስ ድረስ አላመጠ። ከዚያ በማይቸኩለው ድምፁ አነበበ፦

«ሙታን፣ አስራ አንድ። ዘመድ ያልተገኘላቸው፣ አስር። ዘመድ የተገኘለት፣ አንድ። በጋሪው ስር ያለው፣ ይትባረክ፣ የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ። እርግጠኝነት፣ ከመቶ ዘጠና አንድ።»

ወይዘሮ የሺመቤት እናቴ ናት። ይትባረክ ወንድሜ ነው።

ወደ ድንበሩ ጦርነት ሲሄድ እሱ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰባት ዓመት ሆነው። ከዚያ ጦርነት አንድም ወረቀት አልወጣም። ስለዚህ በመዝገብ፣ በዚያ ጦርነት የሞተ ሰው የለም። ከሰፈራችን አርባ ሦስት ሄደዋል፤ አርባ ሦስቱም የሚጠበቁ ናቸው። የሚጠበቅ ሰው ያለበት ቤት ጠዋት ቧንቧ ሲከፈት፣ ውሃው ከመውረዱ በፊት ቧንቧው ይጠይቃል።

«ይትባረክ መጣ?»

መልሱ «መጣ» ወይም «ገና» ነው። «አልመጣም» ብትይው ዝም ብሎ ይጠብቅሻል። እማዬ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «ገና» ትለዋለች፣ ከዚያ ውሃው ይወርዳል፣ ከዚያ ፊታችንን እንታጠባለን።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። የሰውዬው ቅንድብ ላይ ጭረት አለ። ይትባረክም ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው። ግን እዚህ ወረቀት ላይ ጭረት ያልሆነ ምን አለ? ስለ ወንድሜ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ያፏጫል። ጣቴን ይዞ ያሽከረክረኛል። ቤት ውስጥ እንኳ ካልሲውን አያወልቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ካልሲ አትጠይቅም።

የአጣሪውን ድምፅ ሰምተው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው መጡ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው።

«ማን አለ?»

«ይትባረክ ነው አለ።»

ደነገጡ። በይትባረክ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በኔ ነው።

«አንቺ አይተሻል?»

«ሥራዬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አላየሽም።»

«አይቻለሁ።»

«አላየሽም አልኩሽ! መርዶ ለቤተሰብ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፣ በጠዋት፣ በወጉ። ነገ አስራ ሁለት ተኩል ላይ መጥተን ለእናትሽም ላንቺም እንነግራችኋለን። ያኔ ትደነግጫለሽ።»

«አስራ ሁለት ላይ ጡሩምባውን ማን ሊነፋ ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «አንቺ።»

«ነፍቼ፣ ሮጬ ቤት ገብቼ፣ ልደነግጥ?»

«ሩጫ ያቅትሻል?»

«ጋሼ፣ ይትባረክ ፀጉሩን በሪባን አስሮ አያውቅም። ጫማውን ይዩት፣ ዘለበት አለው!»

ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት። «ጦር ሜዳ ሰው ይለወጣል» አሉ።

እሳቸው ምሳ ሲወጡ ወረቀቱን ቲሸርቴ ስር ደብቄ ወደ ማህተም ቀራጩ ወደ አቶ ቢያድግልኝ ሱቅ ሮጥኩ። ማስረጃ ሁሉ ወረቀት ከሆነ ወዲህ የሳቸው በር ላይ ሰልፍ አይጠፋም። «የእድር ነው፣ አስቸኳይ!» ብዬ ሰልፉን ጣስኩ፤ ከኋላ አንዱ «ጡሩምባ!» ብሎ ሰደበኝ። ስድብ መሆኑ ነው።

አቶ ቢያድግልኝ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ብዙ ቆዩ።

«ስሚ ትንግርት፣ ይሄ ፎቶ አይደለም። መዳብ ላይ በመርፌ ተጭሮ፣ ጭረቱን አሲድ በልቶት፣ ቀለም ጠጥቶ የታተመ ነው። ይኸውልሽ ዙሪያውን፣ መዳቡ ሲጫን የተወው ጠርዝ። ከሦስት መቶ ዓመት አያንሰውም። የፈረንጅ አገር ጦርነት ነው።»

«ታዲያ ወንድሜ እዛ ምን ይሠራል?»

ቀና ብለው አዩኝ። ማየት እንዳልነበረብኝ እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ ድምፃቸውን ቀነሱ። «እሱን እኔ አላውቅም። የጫረው ሰውዬ ግን ቁጭ ብሎ አይቷቸዋል። ባያይ ኖሮ እግራቸው ላይ ጥፍር በጥፍር አይጭርም ነበር።»

ተመልሼ ጋሽ ወንድይፍራውን በር ላይ ያዝኳቸው።

«ሦስት መቶ ዓመት ነው! ፈረንጅ ነው! አጣሪው ተሳስቷል!»

«የአጣሪውን ውሳኔ መቃወም የሚችለው የቅርብ ዘመድ ነው።»

«እህቱ ነኝ!»

«አንቺ ገና አልሰማሽም። ያልሰማ ሰው ምኑን ይቃወማል?»

«እሺ ለእማዬ ልንገራትና እሷ ትቃወም።»

«ያለ ሽማግሌ መርዶ? በእናትሽ ላይ?» ክፉ ነገር እንዳልኩ ሁሉ አዩኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «ስሚ። እናትሽ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ለቅሶ ላይ እየዋለች የራሷን ለቅሶ አልተፈቀደላትም። ወረቀቱ እውነት ይሁን ውሸት እኔ እንጃ። አልቅሳ ይውጣላት።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ግራ ያጋባኝ ክፉ አለመሆናቸው ነው። ምክንያቱም ጋሻነውን አውቀዋለሁ። ጋሻነው ከኛ ማዶ ብሎክ ነው የሚኖረው፤ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ቀርቶ፣ በስህተት ወረቀት ተለቅሶለት፣ ከዓመት በኋላ በእግሩ መጣ። አውቶቡስ በሩን አይከፍትለትም። ክሊኒክ አያየውም። ቧንቧ ሲከፍት ውሃ አይወርድለትም፤ እናቱ በጆግ እየቀዳች ታጠጣዋለች። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት አደርሽ፣ አስለቃሿ» ይለኛል። ሰው ያለቀሰለት አይመለስም፣ ቢመለስም አይመለስም። ይትባረክ አንድ ቀን በሩን ቢያንኳኳስ?

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ እማዬ መሬት ላይ ተዘርግታ የእድሩን ድንኳን ትጠቅም ነበር። የእድሩ ድንኳን ሲቀደድ የምትሰፋው እሷ ናት።

«ይሄን ነገ ይፈልጉታል?» አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«መሰለኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ነገ ትሰሚያለሽ።»

መርፌውን አቁማ አየችኝ። «አፍሽ እንዲህ የሚዘጋው ስታጠፊ ነው። ምን ሰበርሽ?»

«ምንም አልሰበርኩም።»

«ጡሩምባው ነው? ጡሩምባውን ጣልሽው?»

«እማዬ፣ ይትባረክ... ካልሲ ለምንድን ነው የማያወልቀው የነበረው?»

መርፌዋን ቀጠለች። «ጠይቂው ሲመጣ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የአዳራሹ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ድምፁ ብሎኮቹን ዞሮ ተመለሰ፣ መስኮቶች ተከፈቱ።

«ያልሰማህ ስማ! ሰው ሞቷል!» አልኩ። ቀጥሎ የእናቴ ስምና የልጇ ስም ነው። አፌ ውስጥ ነበሩ፣ ሁለቱም። አልወጡም።

«ማን ነው?» አለ አንዱ ከአራተኛ ፎቅ።

«አስራ አንድ ሰው!»

«አስራ አንድ? እነማን?»

«እኔ እንጃ!»

«የት ነው የሞቱት?»

«መንገድ ላይ!»

«መቼ?»

«ድሮ!»

ሰፈሩ እንዲህ በፍጥነት ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ነጠላ ያዘቀዘቀውም፣ በፒጃማ የወጣውም፣ ግራ የተጋባውም አንድ ላይ ወደ ድንኳኑ ይጎርፋል። እኔ እንደ ታዘዝኩት ልደነግጥ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ሽማግሌዎቹ በራችን ላይ ተሰልፈዋል። በሩ ተዘግቷል።

«እናትሽ የት ሄደች?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

እማዬ የት እንደምትሄድ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ጡሩምባ ሰምታ ቀርታ አታውቅም። ሐዘንተኛ ልታጽናና ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ ሄዳለች። ራሷን ልታጽናና። መርዶው ከኋላዋ መሮጥ ጀመረ፤ አራት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በከዘራ፣ እኔ ከፊት።

ድንኳኑ ውስጥ፣ በወጉ መሠረት የሟቾቹ ወረቀት መሃል ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ፊት ረድፍ ተቀምጣ ጎረቤቷን «የማን ለቅሶ ነው?» ትላለች፤ ጎረቤቷ «አስራ አንድ ናቸው አሉ እንጂ» ትላለች። ሽማግሌዎቹ እያለከለኩ ተሰልፈው ገቡ። ይህን ሰልፍ እማዬ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ወደ ማን እንደሚሄድ በዓይኗ ተከተለችው። ወደሷ ነው።

ቆመች። «ወረቀቱን» አለች።

መንገድ ከፈቱላት። ምሰሶው ጋ ሄዳ ከጋሪው ስር ያለውን ሰውዬ አጎንብሳ አየችው። ፊቱን አላየችም። ባዶውን እግር ነው የምታየው። ጣቷን ሳታስነካ ጥፍር በጥፍር ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

«አምስት» አለች። «የይትባረክ ግራ እግር አራት ነው። በሰባት ዓመቱ መጥረቢያ ወደቀበት። አፍሮ ለማንም አያሳይም ነበር። ይሄ ልጄ አይደለም።»

ካልሲው ያኔ ገባኝ። ያዘጋጀሁትን ድንጋጤ የት እንደማደርሰው ጠፋኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው ጠጋ አሉ። «የሺመቤት፣ ከመቶ ዘጠና አንድ እኮ ነው ያለው። ተቀበይና አልቅሰሽ ይውጣልሽ። ሰባት ዓመት አይበቃም?»

«ዘጠኟንስ፣ አቶ ወንድይፍራው?» አለች እማዬ። «ዘጠኟን ማን ይጠብቅልኝ?»

ለካ ይሄን ሁሉ ድንኳኑ ሲሰማ ነበር። የጦርነት ወረቀት ነው የሚለው ወሬ ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ሄደ፤ ከኋላ አንዲት ሴት «እስቲ ዘወር በሉ፣ እኔም ልየው» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። የቀረው አርባ ሁለት ቤት ተሰለፈ። አንዷ ጥርስ ትፈልጋለች፣ አንዷ የተቀደደ ጆሮ፣ አንዷ ትንሽ ጣት ላይ ያለ ቀለበት። እያንዳንዳቸው አጎንብሰው፣ ቆይተው፣ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ይሁን ሐዘን አልለየሁም። አንድ አባት ቦይ ውስጥ ያለውን፣ ፊቱን ያዞረውን፣ ብዙ ደቂቃ አዩና ወደኔ ዞረው «ይሄን ልጅ ገልብጪልኝ» አሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ወረቀቱን ገለበጥኩላቸው። ጀርባው ነጭ ነው። እሱንም አዩት።

ማንም ልጁን አላገኘም። ድንኳኑ ግን ተተክሏል። የኛ እድር ደንብ ደግሞ የተተከለ ድንኳን ሳይለቀስበት አይነቀልም ይላል። ሽማግሌዎቹ ጥግ ተሰብስበው መከራከር ጀመሩ። እማዬ ሳትጠይቃቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እነዚህስ ሰው አልነበራቸውም?» አለች። «ለነዚህ ማን አለቀሰ?»

ለቅሶ ስም ይፈልጋል፤ ስም የላቸውም። ትንሽ ግራ ገባት። ከዚያ «አንተ ባለ ጋሪው» ብላ ጀመረች። «ጫማህን የለኩብህ!» አንዷ ተቀበለች፣ «አንቺ በር ላይ የተኛሽው፣ በሩ የማን ቤት ነበር?» ሌላዋ ሕፃኗን ወሰደች። ሦስት ቀን ተለቀሰ። እናቴ እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ የይትባረክ ስም ግን አንድ ጊዜም ከአፏ አልወጣም። ለማን እንደምታለቅስ አልገባኝም። በሁለተኛው ቀን ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ውሃ አምጪልኝ» አለችኝ።

አርብ ማታ ድንኳኑ ተነቀለ። አጣሪው ውሳኔውን በዚያው ድምፁ አነበበ፤ አንዱ ላይ ተቃውሞ ስለቀረበ ወረቀቱ በሙሉ አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ አስራ አንዱም አልሞቱም። የሚጠበቁ ናቸው። የሚጠብቃቸውም ያለቀሰላቸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እማዬ ድምፅዋ ተዘግቶ ተኝታ ነበር።

«በጋሪው ስር ያለው፣ አንድ ጫማ የሌለው፣ መጣ?» አለ ቧንቧው።

ጆጉን ይዤ ቆምኩ። «እንዴ፣ ሦስት መቶ ዓመቱ እኮ ነው!»

ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

«አልመጣም!»

ጠበቀኝ።

በመስኮቱ የጎረቤት ድምፅ ይሰማል። «ገና» ትላለች አንዷ። ከላይ ፎቅ «ገና»። ከማዶ «ገና፣ አልኩ እኮ፣ ገና»። ሰፈሩ በሙሉ ቧንቧው ላይ ቆሟል። ፊቱን የታጠበ ሰው የለም።

«ገና» አልኩ።

«በር ላይ የተኛችው መጣች?»

«ገና።»

«ሕፃኗ መጣች?»

«ገና።»

«የሕፃኗ እናት መጣች?»

ቦይ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ከላይ ያለውን፣ ከሱ ስር ያለውን፣ ፊቱን ያዞረውን። ምላሴ ለመደው፣ ሳላስብ እመልሳለሁ። ስለ ውሻው አልጠየቀኝም። የኛን የመጨረሻ አድርጎታል።

«ይትባረክ መጣ?»

ይሄን ጥያቄ ሰባት ዓመት በየጠዋቱ እሰማዋለሁ። እኔን ጠይቆኝ ግን አያውቅም። አፌ «ገ» ላይ ቆመ። ዞሬ በሩን አየሁ። የተዘጋ በር ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ከመኝታ ቤት የእናቴ አልጋ ተንቋቋ፤ ምን እንደምል እየሰማች ነው።

«ገና» አልኩ፣ እንድትሰማው ጮክ ብዬ።

ውሃው መጣ።